የሰውን ጓዳ የሚሰማ ሰው
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ለየት ያለ ስለሆነ አስቀድመን አንድ ነገር እናሳስባለን። ትንንሽ ልጆች ሬዲዮኑ አጠገብ ካሉ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ላኳቸው። ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት ግን ቢሰሙ አይከፋም፤ ነገ የሚጠብቃቸው ነውና። የምንናገረው ነውር የለበትም፤ ቃል መርጠን ነው የመጣነው።

ባለፈው ሰሞን ከአንዲት እህታችን ደብዳቤ ደርሶናል። በጤና ሙያ ተመርቃ ሥራ የያዘች ነች። በአልጋ ጉዳይ የተቸገሩ ባልና ሚስትን የሚያማክር ባለሙያ ለመሆን የሥልጠና ዕድል አግኝታለች፤ ነገሩንም ወዳዋለች። አባቷ ሲሰሙ ግን «ከዚህ ሌላ ሥራ ጠፋ?» አሏት። ለኒካሕ የጠየቃት ወጣትም ወሬው ከደረሰው ወዲህ ስልኩ ቀንሷል። እህታችን የጠየቀችን፣ ሥራው በሸሪዓ ይፈቀዳል ወይ? የሰው ገመና ስትሰማ መዋል ልቧን ምን ያደርገዋል? ትዳር ብትይዝስ ትዳሯን? የሚል ነው። ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ጨምራለች፤ እሷን ለመጨረሻው አቆይተናታል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ኪታብ ላይ አለ፤ ሳንቆይ እናልፈዋለን። የሚቀሩት ግን ኪታብ ገልጦ የሚመለሱ አይደሉም። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ የዚህ ሙያ ምስክር ወረቀትም የለንም። ከመድረሳ ትምህርታችን በኋላ ኮሌጅ ገብተን ትንሽ የሥነ ልቡና ትምህርት ቀምሰናል፤ ያችኑ ይዘን ከዒሻእ ሶላት በኋላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በር ላይ የሚጠብቁንን ባልና ሚስት ስንሰማ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ስለ ሚራስ ወይም ስለ ንግድ ሊጠይቅ ሲመጣ በቀጥታ ይጠይቃል። ስለዚህኛው ጉዳይ የመጣ ግን መጀመሪያ ስለ ውዱእ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ ያወራል፤ ሊወጣ ሲነሳ ነው «ሌላም ነገር ነበረኝ» የሚለው። ስለዚህ ለእህታችን የምንነግራት ያየነውን ነው፤ ጥፋታችን ጭምር።

ወደ መጀመሪያው እንግባ። የቀደምቶቻችን ሰዎች በዚህ ጉዳይ አፋቸው ተዘግቶ አያውቅም። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) አላህ ከእውነት እንደማያፍር አስቀድማ ተናግራ፣ ሴት ልጅ በሕልሟ ወንድ የሚያየውን ብታይ መታጠብ ይኖርባት እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቃለች። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያሞገሰቻቸው ሐያእ ዲናቸውን ከማወቅ ስላላገዳቸው ነው። የሪፋዓ የቀድሞ ሚስት ታሪክ ደግሞ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ከሪፋዓ ተፋታ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዘቢርን ካገባች በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥታ የአዲሱን ባሏን ድክመት የልብሷን ዘርፍ ይዛ አሳየች። በር ላይ ፈቃድ ይጠባበቅ የነበረው ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ሰምቶ ደነገጠ፤ እንዲህ በግልጽ ስትናገር ለምን ዝም ትላላችሁ በሚል ውስጥ የነበሩትን አቡበክርን (ረ.ዐ) ተጣራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ፈገግ ብቻ አሉ፤ ጉዳይዋንም ሰምተው ፍርዱን ነገሯት። ይህችን ፈገግታ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

እኛ ይህን ትምህርት መጀመሪያ የሰማነው በወሎ ገጠር በደረሳነት ዘመናችን ነው። ቁዱሪን ስንቀራ ኒካሕ ከሚለው ምዕራፍ ደረስን። ጺማችን እንኳ አልበቀለም ነበር። አንዳንዶቻችን አንገታችንን ደፋን፤ አንዱ ግን ሳቁ አመለጠው። ሸኻችን ኪታቡን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ «ጦሃራ ስትቀራ ስቀህ ነበር?» አሉት። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። ኢማም አል-ገዛሊም በኢሕያእ ውስጥ የኒካሕን ሥነ ሥርዓት ሲያብራሩ፣ ባል የራሱ ጉዳይ እንደተፈጸመ ሚስቱን ትቶ መነሳት እንደሌለበት ጽፈዋል። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ዛሬ ይህንኑ ለአንድ ባል ብንነግረው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ይለናል። ሱብሐነላህ።

እንግዲህ ፈቃዱ በሸርጥ ነው። ምክሩ በኒካሕ ለተሳሰሩ ሰዎች ሲሆን፣ ሐራሙን ሐላል የማያደርግ ሲሆን፣ ወንድና ባዕድ ሴት ለብቻቸው በር ዘግተው የማይቀመጡበት ሲሆን፣ የሰውም ምስጢር የሚጠበቅበት ሲሆን፣ ክልከላ የሚያስገባው ነገር አላየንም። አባትየው ቢሰሙን ይህን እንዲያስቡበት በአክብሮት እንለምናቸዋለን።

ብዙ ሰው ግን ሥራው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ይደነግጣል። አማካሪው አይነካም፣ አያይም። ሥራው መስማት፣ መጠየቅ፣ ማስረዳትና ባልና ሚስቱ ቤታቸው ሄደው የሚለማመዱትን ነገር መንገር ነው። አካል መመርመር ካስፈለገ የሐኪም ድርሻ ነው። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ብዙውን የጀመሩት ማስተርስና ጆንሰን የተባሉ አንድ አሜሪካዊ የማሕፀን ሐኪምና አንዲት ረዳቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት መጽሐፍ ሕክምናውን መልክ አስያዘው። በሽተኛው ባልየው ወይም ሚስትየው ብቻ ሳይሆን ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው አሉ፤ አማካሪዎቹም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሆነው እንዲቀመጡ አደረጉ። ባልና ሚስቱን ለተወሰነ ጊዜ ከግንኙነት ይከለክሏቸውና ያለ ምንም ግዴታ እንዲዳበሱ ብቻ ያዟቸዋል፤ «ዛሬም ያቅተኝ ይሆን» የሚለው ፍርሃት በዚህ ይቀላል። ይህ ጥበብ ነው፤ ጥበብ ደግሞ የትም ቢገኝ የሙእሚን ነው። ሰዎችን ላቦራቶሪ ውስጥ እያዩ ማጥናታቸውንና ሚስት ለሌላቸው ወንዶች ባዕድ ሴት ማቅረባቸውን ግን ዲናችን አይቀበለውም። እህታችን ስትሠለጥን የሚቀርብላት ማዕድ ሁሉ ሐላል እንዳልሆነ ከወዲሁ ትወቅ፤ እየመረጠች ትብላ።

ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1971 እርስ በርስ ተጋቡ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ተፋቱ። ይህን ያነሳነው ለመሳለቅ አይደለም። የሰውን ትዳር ሲጠግኑ መኖር የራስን ትዳር እንደማያጥር ለማሳየት ነው። እኛም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደለንም።

ከሙስሊሞች መካከልም ለእህታችን አርአያ የሚሆኑ ሴቶች አሉ። ግብፃዊቷ ሐኪም ዶክተር ሂባ ቁጥብ ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ተምራ በዚሁ ዘርፍ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ የዶክትሬት ትምህርቷን ተከታትላለች። ሒጃቧን እንደለበሰች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን ቀርባ ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት ቁርኣንና ሐዲስ እየጠቀሰች አስተማረች። የምታስተምረው በትዳር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። አንዳንዱ አመሰገናት፤ አንዳንዱ ሐያእ የላትም አለ። ዱባይ ላይ ደግሞ ወዳድ ሎታህ አለች፤ ኒቃብ ለባሽ ነች። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በዱባይ ፍርድ ቤት ለፍቺ የሚመጡ ባልና ሚስትን ስታማክር ብዙው ፍቺ ከዚሁ ከማይነገረው ጉዳይ እንደሚነሳ አየች። በ2009 ለባለ ትዳሮች የሚሆን መጽሐፍ በዐረብኛ አሳተመች። መጽሐፉን አስቀድማ ለከተማዋ ሙፍቲ አሳይታ ይሁንታ አግኝታ ነበር፤ ይህም ሆኖ ስድቡ ቀርቶ የግድያ ዛቻ ደርሶባታል። ሥራዋን ግን ቀጠለች። እህታችን ሆይ፣ የአባትሽ ቁጣ ከዚህ አንጻር ሲታይ ቀላል ነው፤ አባት ደግሞ ይለሰልሳል።

አሁን ስለራሳችን እንናገር። ከዚህ በፊት አንድ ቃል፤ ዛሬ የምናነሳው የሰው ታሪክ ካለ ባለቤቱ ንገሩት ብሎ የፈቀደው ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል ወደ በኋላ ይገባችኋል።

ሥራውን እንደጀመርን ሰሞን አንድ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ነጋዴ መጣ። ሚስቱን ይወዳል፤ ግን ከእሷ ጋር መሆን ካቃተው ከርሟል። ሲሕር ነው ብሎ ጠርጥሯል፤ የጠረጠረውንም ሰው ስም ያውቃል። እኛ ሩቅያ ቀራንለት፣ ዚክር አዘዝንለት፣ ሚስቱን ሶብር አድርጊ አልናት። ዘጠኝ ወር አለፈ። አንድ ቀን የእግሩ ቁስል አልድን ብሎ ሆስፒታል ሲሄድ ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሐኪሙ የቆየ ነው አለው። ስኳር የደም ሥርንና ነርቭን ይጎዳል፤ በብዙ ወንዶች ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታየው ያ ድክመት ነው። የልብ በሽታም እንዲሁ ቀድሞ በዚህ በር ሊታይ ይችላል። እኛ በመጀመሪያው ሳምንት «ሐኪም ዘንድ ሂድ» ብንለው ዘጠኝ ወር ይተርፍ ነበር። በዚያ ላይ በሲሕር የተጠረጠረው ሰው የሥጋ ዘመዱ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰላም አልተባባሉም። ሩቅያ ሐቅ ነው፤ አንክደውም። ድንቁርናችንን በሩቅያ መሸፈናችን ግን ጥፋት ነበር። ነጋዴው አልወቀሰንም። «ለሌላው ንገሩት» ብቻ አለን፤ ይኸው ነገርን።

የሚገርመው ያ የቀራነው ኪታብ መልሱን ይዞ ነበር። ፉቀሃኦች ባል አቅም ካጣና ሚስት ቃዲ ዘንድ ከከሰሰች ለባልየው አንድ ዓመት ይሰጠው ብለዋል፤ ፍርዱም ከዑመር (ረ.ዐ) የተወረሰ ነው። ዓመት የሆነበትን ምክንያት ሲያብራሩም፣ ሕመሙ ከሙቀት ወይም ከብርድ፣ ከድርቀት ወይም ከእርጥበት የመጣ ከሆነ አራቱ ወቅቶች ሲፈራረቁበት ይለይለታል ይላሉ። ይህ ማለት ጉዳዩን የአካል ሕመም ሊሆን እንደሚችል አድርገው ነው ያዩት። እኛ ምዕራፉን ቀርተን ሐሳቡን ሳንቀራ ቀርተናል። አሁን ማንም ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው የሚወስደውን መድኃኒት ነው፤ አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒት ይህን ያመጣልና። በየግድግዳው ለስንፈተ ወሲብ ፍቱን መድኃኒት አለን የሚል ወረቀት ሲለጠፍ ታያላችሁ። ሐኪም ሳያማክር ከዚያ ገዝቶ የዋጠ ሰው ከራሱ ጋር ቁማር ይጫወታል። የታወቀው ቪያግራ እንኳ ከአንዳንድ የልብ መድኃኒት ጋር ከተወሰደ የደም ግፊትን ሊያወርድና ሊገድል ይችላል።

የሴቶቹም ሕመም ብዙ ነው፤ ግን ወደኛ የሚደርሰው ተጣርቶ ነው። አዲስ ሙሽራ ሰውነቷ ያለ ፈቃዷ እየተኮማተረ ግንኙነቱን ከልክሏት፣ ባል «አትወደኝም» ብሎ ሲያኮርፍ አይተናል። ይህ በምክርና በልምምድ የሚታከም ነገር ነው፤ ጥላቻም ጂንም አይደለም። በልጅነቷ የተገረዘች፣ ይልቁንም የተሰፋች ሴት ሕመሟን የትዳር ወግ ነው ብላ ችላው ትኖራለች። እዚህ ላይ ሐኪም ሴት መኖሯ ግማሽ መድኃኒት ነው። እህታችን «ሥራው ለሙስሊም ሴት አይሆንም» ስትባል፣ ለሙስሊም ሴቶቹ ማን ይሁንላቸው ብላ ትጠይቅ።

ወደ ትልቁ ጥፋታችን እንምጣ። አንድ ጁሙዓ በኹጥባችን ስለ ባልና ሚስት ሐቅ ስንናገር ከሰማነው ጉዳይ አንዱን ምሳሌ አድርገን አመጣን። ስም አልጠራንም፤ ከተማውንም ቀይረናል። ነገር ግን አንዲት ትንሽ ዝርዝር ትተን አለፍን፤ ዛሬም አንደግማትም። ያቺ እህት ከሴቶቹ ክፍል ሆና ትሰማ ነበር። ሶላቱን ጨርሳ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ መስጊዳችን አልመጣችም። ከወራት በኋላ ለባለቤታችን፣ «ኢማሙ ስሜን አልጠሩም፤ ኑሮዬን ግን ጠሩት» አለቻት። ይቅርታ ልከናል። ተቀብያለሁ ብላ መልሳለች፤ ግን አሁንም የምትሰግደው ሌላ መስጊድ ነው።

ከሰዎች ሁሉ በቂያማ ቀን ደረጃው የከፋው ከሚስቱ ጋር ሆኖ ከዚያ ምስጢሯን የሚያወጣ ባል እንደሆነ በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምረናል። ባል የራሱን ቤት ምስጢር በማውጣቱ እንዲህ ከተባለ፣ የሌላውን ቤት በሚንበር ላይ ያወጣ ምን ሊባል ነው? የዚህ ሙያ ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው፤ ዘመዳቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ ጓደኛቸውን አያማክሩም፤ ወደ ሌላ ይልካሉ። ያን ጊዜ ነው ደንቡ የገባን። ኢማም ግን የት ይሽሽ? የሚያማክራቸውን ያጋባቸው እሱ፣ አቂቃቸውን የባረከው እሱ፣ ጀናዛቸውን የሚሰግደው እሱ ነው። ከፊታችን ተሰልፎ የቆመውን ጀመዓ ሰፋችሁን አስተካክሉ ብለን ዞር ስንል የአንዱን ለቅሶ፣ የሌላውን እፍረት እናውቃለን። በዚያች ቅጽበት ዓይናችንን የት እንደምናሳርፍ ለመማር ብዙ ጊዜ ፈጅቶብናል። ማወቃችንን የሚያውቅ ሰው ዓይናችንን ይሸሻል፤ ስለዚህ ቀድመን በሌላ ነገር እናናግረዋለን፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ። ሲስቅ ያን ጊዜ ይድናል።

ፈገግታዋን ያዙልን ብለን ነበር። ሰው ገመናውን ሲናገር የሚያየው ፊትህን ነው። ፊትህ ከተኮሳተረ ዝም ይላል፤ ከተደነቀም ዝም ይላል። ስለዚህ ፊት እንዳይለወጥ ይለመዳል። ችግሩ የተለመደው ፊት ቤት ድረስ መከተሉ ነው። አንድ ማታ ልጃችን የትምህርት ቤት ውጤቷን ይዛ እየዘለለች መጣች፤ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች። እኛ ቀስ ብለን ራሳችንን ነቀነቅን፤ «እሺ፣ ቀጥይ» አልናት። ልጅቱ ወደ እናቷ ዞራ «አባባ አሟቸዋል?» ብላ ጠየቀች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈገግ አሉ እንጂ ፊታቸው አልደረቀም፤ በዚህ መካከል ያለውን ልዩነት ያስተማረችን የራሳችን ልጅ ነች።

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድሙን አቡደርዳእን ሊጠይቅ ሄዶ ሚስቱን ለራሷ የማትጨነቅ ሆና ቢያገኛት፣ አቡደርዳእን አላህም ነፍስህም ቤተሰብህም ሐቅ አላቸው ብሎ እንደመከረው ታውቃላችሁ። ለኛ ሰልማን የሆነልን የባለቤታችን ታላቅ ወንድም ነው። እንግድነት መጥቶ ሦስት ማታ በተከታታይ ከዒሻእ በኋላ ሁለት ሰዓት ዘግይተን ስንገባ አየ። በአራተኛው ማታ፣ «ኡስታዝ፣ የሰው ሚስት ታረቀች፤ ያንተዋስ መቼ ትመጣ?» አለን። እፍረቱ እስካሁን አለ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ነው የምንቀመጠው፤ ሌላው ቀን የቤት ነው።

አንድ ትልቅ ጉዳይ ሳናነሳ ማለፍ አንችልም፤ የአንድ ሰው ታሪክ ስላልሆነ ፈቃድ አያሻውም። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከስልጤ ስንት እህቶቻችን ወደ ሪያድ፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ዱባይ ሄደዋል! ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ይባላል፤ ቤት ሊሠራ፣ ወንድም ሊማር ሲባል አራት፣ ስድስት ይሆናል። ባል እዚህ ልጅ ያሳድጋል፤ ትዳሩ በስልክ ነው። ስትመለስ ሰፈሩ ሻይ ቡናውን ይዞ ይመጣል፤ ሻንጣው ይፈታል፤ ማታ በሩ ሲዘጋ ግን ሁለት እንግዶች ናቸው። እሷ በሰው ቤት ስትታዘዝ የኖረ ሰውነቷን እንደራሷ ማየት አቅቷታል፤ ምናልባት እዚያ ያገኛትን ክፉ ነገር አልተናገረችም። እሱ «ለወጠች» ብሎ ይጠረጥራል፤ እሷም የላከችው ብር የት እንደገባ ትጠይቃለች። እኛ ዘንድ ሲመጡ የሚያነሱት የብሩን ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቀመጡ በኋላ ነው ሌላው የሚወጣው።

ዑመር (ረ.ዐ) ሌሊት ሲዞሩ ባሏ የዘመተባት ሴት ብቸኝነቷን በግጥም ስታሰማ ሰምተው፣ ሴት ከባሏ ተለይታ ምን ያህል መታገሥ እንደምትችል ልጃቸውን ሐፍሷን (ረ.ዐ) ጠየቁ። መልሷ በአንዱ ዘገባ አራት ወር፣ በሌላው ስድስት ወር ነው፤ ዘማቾቹም ከዚያ በላይ እንዳይቆዩ አዘዙ። የሙእሚኖች መሪ ልጃቸውን ይህን ለመጠየቅ አላፈሩም፤ እሷም ለመመለስ። እኛ ደግሞ ሚስት ስትሄድ ስድስት ዓመት ይሁን ብሎ የሚፈርም ባል፣ «ሂጂ» የሚል አባት አለን። ድህነቱን እናውቃለን፤ ለመፍረድ አይደለም። ግን ለተመለሱት ጊዜ ስጧቸው። ከዚያ የማስተርስና ጆንሰን ዘዴ የተጠቀምነው አብዛኛውን ለእነዚህ ነው። «ለአንድ ወር እንደ እጮኛ ሁኑ፤ ሌላው አይቸኩልባችሁ» እንላቸዋለን። አንዳንዶቹ አልሆነላቸውም፤ ተፋተዋል። ብዙዎቹ ግን አልሐምዱሊላህ አብረው አሉ።

ዐሊይ (ረ.ዐ) ስለ ራሳቸው የአካል ነገር መጠየቅ ፈልገው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚስታቸው አባት ስለሆኑ አፈሩ፤ ሚቅዳድን ጠይቅልኝ ብለው ላኩ። ሐያእና ዕውቀት ሳይጣሉ የሚሄዱበት መንገድ ይህ ነው። በኛ ቤት ሚቅዳድ የሆነችው ባለቤታችን ነች። ሴቶቹ እሷን ይጠይቃሉ፤ እሷ «አንዲት ሴት» ብላ ትጠይቀናለች፤ መልሱን ይዛ ትሄዳለች። ስም ነግራን አታውቅም፤ ጠይቀንም አናውቅ። ግን ዋጋ ከፍላበታለች። ወሊማ ቤት ስትገባ የተወሰኑት ዝም ይላሉ፤ ባሏ የሚሰማውን ሁሉ ታውቃለች ብለው። እንደማታውቅ እየማለች ልትዞር አትችልም። አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ቦታ ተመልሳ ነጠላዋን ሳትፈታ ቁጭ ብላ፣ «አንተ የሰማኸውን እኔ ተሸከምኩት» አለችን። መልስ አልነበረንም።

አሁን የእህታችን የመጨረሻዋ ጥያቄ። «ካገባሁ፣ የሰማሁትን ለባሌ ልንገረው? ባልና ሚስት ምስጢር የላቸውም ይባላልና።»

እህታችን፣ አትንገሪው። ለዚህ የምናመጣው አንድ የራሳችን ማታ ነው፤ ባለጉዳዮቹ ሁለቱም ተናገሩት ብለው ፈቅደውልናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባል ከመግሪብ በኋላ መጥቶ ሚስቱ እንደጠላችው፣ ሊፈታት እንደወሰነ ነገረን። የሚላትን ሁሉ አለ። ሰምተን ወደ ቤት ሄድን። ባለቤታችን ቡና አፍልታ ጠበቀችን፤ እሷም ከወትሮው ዝም ብላለች። እኛ የሆነ ነገር እንደሰማን ታውቃለች፤ እሷም የሆነ ነገር እንደሰማች እናውቃለን። ሦስተኛውን እስክንጠጣ አንዳችንም አልተናገርንም። ስለ ስኳር እጥረት አወራን።

በማግስቱ ለሰውየው፣ «ብቻህን አትምጣ፤ ሁለታችሁ ሁናችሁ ኑ» አልነው። እሁድ ከዙህር በኋላ ሁለቱ መጡ። በሩን ከፍተን ባለቤታችንን ጠራናት፤ ገብታ ሴትዮዋን ስታይ ቆመች፤ ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች። ለካስ እሷም በዚያው ሳምንት ለሴትዮዋ ያንኑ ቃል ብላታለች። አንዱ ቤት ለሁለት ተከፍሎ በኛ ቤት ሁለት ጫፍ አድሮ ነበር። ባልየው ሚስቱ ጠልታኛለች ሲል፣ ሚስትየው ወለል ወለሉን እያየች፣ ከመጨረሻው ልጅ ወሊድ ጀምሮ እንደሚያማትና እንዳይሰማት ብላ ዝም እንዳለች ተናገረች። ባልየው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወደኛ ሳይሆን ወደ እሷ ዞሮ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። እኛና ባለቤታችን ቡና እናምጣ ብለን ተነስተን ወጣን።